የአልሲድ የታችኛው ክፍል

"ድልድዩን አልፏል!"

ጎረቤቲቱ ኡላሊ በግራም በቀኝም የሸርጣን ወጥመድ አንጠልጥላ በሩን በጉልበቷ ገፍታ ገባች። "ነጭ ፒክአፕ ነው፣ ጣሪያው ላይ ብርቱካንማ መብራት ያለው። ምን ተጎልታችሁ ታዩኛላችሁ? ተነሱ እንጂ!"

አልሲድ ሹካውን አስቀምጦ ተነሳ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሌላ ቀን ከወንበር ለመነሳት ጠረጴዛውን ይዞ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ጉልበቱን ረግሞ ነው። የወረዳው የቤት መርማሪ መጣ ሲባል ግን ሃያ ዓመት ይቀንስለታል። አንሶላውን ከነትራሱ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተ፣ ምድጃው ላይ አሮጌ የሽሪምፕ መረብ ጣለበት፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ከብርጭቆ አውጥቶ አፉ ውስጥ አደረገና ውሃውን በመስኮት ደፋ። ኡላሊ ወጥመዶቹን ፍራሹ ላይ ወርውራ ሌላ ልታመጣ ወደ ቤቷ ሮጠች። የደረቀ የባሕር አረም ፍራሹ ላይ ተራገፈ።

ኦዲል ሹካዋን እንደያዘች ቀረች። የጠዋት ተማሪዎቿን አድርሳ አውቶቡሱን መንገድ ዳር ካቆመች ገና ሃያ ደቂቃ ነው፤ እንደ ወትሮው አባቷ አልሲድ እንቁላልና የትናንት ሩዝ ጠብሶ ጠብቋታል። መናገር ነበረባት። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም መናገር ነበረባት። ነጩን ፒክአፕ የጠራችው ራሷ ናት፤ የሚመጣውም መርማሪው ሳይሆን ድዌይን የሚባል ቀያሽ ነው። አባቷን እንዲህ ቀልጥፎ ስታየው ግን ቃሉ ከአፏ አልወጣ አለ።

በባዩ ማርሶ፣ በረግረጋማዋ የባሕር ዳር መንደራችን፣ ይህ ሥርዓት የቆየ ነው። ከታላቁ አውሎ ነፋስ በኋላ መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ ቤቶቻችንን አሥር ጫማ ከፍታ ባለው ምሰሶ ላይ ሰቀለልን። ታች ለመኪና፣ ለዕቃና ለደረጃ ብቻ ነው የሚል ወረቀት መጣ፤ ሁላችንም ፈረምን። በዓመቱ አንዱ ለነፋስ መከለያ ብሎ በአንድ ጎን ግድግዳ አቆመ። ሁለተኛው በሁለት ጎን አቆመ። ሦስተኛው ካቆምኩ አይቀር ብሎ ቧንቧ ሳበ፣ ከዚያ ምድጃ መጣ፣ ከዚያ ደረጃ መውጣት ላቃተው ሰው አልጋ። ፈቃድ የጠየቀ የለም። የወረዳው ነጭ ፒክአፕ ድልድዩን ሲሻገር መጀመሪያ ያየ ሰው ለቀጣዩ ቤት ይደውላል፣ ያም ለቀጣዩ፣ መርማሪው ሲደርስ እስከ ባሕሩ ድረስ ያለው ታችኛው ክፍል ሁሉ ዕቃ ቤት ሆኖ ይጠብቀዋል። መርማሪውም ይህን አያጣውም፤ አክስቱ ከነዚህ ዕቃ ቤቶች በአንዱ ይኖራሉ። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ ጽፎ ይሄዳል።

የኦዲል ጣጣ የመጣው በፖስታ ነው። የቤቷ የጎርፍ መድን ዓረቦን ካቻምና ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዶላር ነበር። አምና ወደ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ተጠጋ፣ ዘንድሮ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሆነ። ቤቱ ምሰሶ ላይ ሲወጣ መንግሥት ያልሸፈነውን ከባንክ ተበድራለች፤ ባንኩ ደግሞ ያለ ጎርፍ መድን አንድ ቀን አያሳድራትም። ለዚህ ብላ ዓመቱን ሙሉ ያስቀመጠችው አሥራ ስድስት መቶ ዶላር ነው። የመክፈያው ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ዋጋው ካልወረደላት ቤቱን ሽጣ፣ አባቷን ይዛ ወደ ላይ፣ ደረቁ አገር እህቷ ዘንድ መሄድ ነው። በዚህ መንገድ የሄዱት ጥቂት አይደሉም፤ የተማሪዎቿ ቁጥር በየዓመቱ ሲቀንስ ከአውቶቡሱ መስታወት ታየዋለች።

የመድን ወኪሏ ራሞና ባለፈው ሳምንት በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድታታለች። አብረው ስለተማሩ ራሞና ለሷ ቃል አትመርጥም።

"ስሚኝ ኦዲል፣ ኩባንያው ቤትሽን አይቶት አያውቅም። ካርታ እያየ ነው የሚገምተው። ወለልሽ ከመሬት አራት ጫማ ነው ብሎ ይዟል።"

"አሥር ጫማ ነው እኮ! በየቀኑ የምወጣው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው በቀያሽ አስለክተሽ፣ ማኅተም አስመትተሽ አምጪልኝ። የከፍታ ምስክር ወረቀት ይባላል። ወደ አሥራ አምስት መቶ ሊያወርደው ይችላል። ካላወረደውም መሳቢያሽ ውስጥ ክተቺው፤ አቅርቢ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም።"

"ሌላስ ምን አለ?"

"ማቀዝቀዣውና የውሃ ማሞቂያው ታች ከሆኑ ወደ ላይ አውጪያቸው፣ ትንሽ ይቀንሳል። ታች ግድግዳ ካለ ጎርፍ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይኑረው፣ እሱም ይቀንሳል። ከዛ ደግሞ ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከራስሽ ኪስ የምትሸፍኚው አለ። አሁን ሁለት ሺህ ነው። አሥር ሺህ ብታደርጊው ዓረቦኑ ደህና አድርጎ ይወርዳል፣ ባንኩም እሺ ይላል። ግን አሥር ሺህ ከየት ታመጫለሽ? ብቻ አደራሽን ቀኑን እንዳታሳልፊ። አንዴ ከተቋረጠ እንደ አዲስ ደንበኛ ነው የምትገቢው፤ አምስት ሺህ ሁለት መቶ።"

ኦዲል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ታች ሰው የሚተኛ ከሆነስ?"

"ያኔ የመጀመሪያ ወለልሽ የታችኛው ነው ይሉሻል፤ ወረቀቱ ምንም አይፈይድልሽም። ደግሞ እወቂው፤ ውሃ ሲመጣ ታች ላለ አልጋ፣ ታች ላለ ፍሪጅ፣ ለራሱ ለግድግዳው እንኳ ሰባራ ሳንቲም አይከፍሉም። በሱ ምክንያት ይጨምሩብሻል እንጂ ለሱ አይከፍሉሽም።"

"ይሄ ዝርፊያ አይደለም እንዴ?"

"ውልሽ ላይ ተጽፏል እህቴ። ማንም አያነበውም እንጂ።"

ኦዲል ያን ሌሊት ውሉን አውጥታ አነበበችው። ተጽፏል። አባቷ ላለፉት አራት ዓመታት የተኛበት፣ የበላበት፣ ሰው የተቀበለበት ክፍል በመድኑ ዓይን ዋጋ ለመጨመር ብቻ የቆመ ክፍል ነው። ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን ለይታ አላወቀችውም። ለቀያሹ የደወለችው በማግስቱ ነው።

ድዌይን ፒክአፑን አቁሞ ሲወርድ አልሲድ ከበሩ ውጭ የበረዶ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ምንም ያልተቀደደ መረብ ይጠግን ነበር። ኡላሊ ከኋላው ላብ እያጠመቃት ቆማለች።

"እንኳን ደህና መጣህ ልጄ!" አለ አልሲድ። "ዕቃ ቤታችንን ልታይ ነው? ግባ ግባ፣ ዕቃ ብቻ ነው።"

ድዌይን አርባ ዓመት ያለፈው፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነው። እናቱ ከውሃው ማዶ ነው ያሉት፤ እንዲህ ያለውን አቀባበል ለምዶታል። "ሚስተር አልሲድ፣ እንዴት አደሩ? ዕቃውስ እንዴት አደረ?"

"ደህና ነው፤ ትንሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ" አለች ኡላሊ፤ አልሲድ በክርኑ ጎሸማት።

ኦዲል ወጥታ ድዌይንን በዓይኗ ለመነችው። አሁን አትናገር ማለቷ ነው። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ሄደ። ባለሦስት እግሩን መሣሪያ ዘረጋ፣ በድልድዩ ሥር ካለው የከፍታ ምልክት ጋር አነጻጸረ፣ ደረጃው ላይ ወጥቶ የላይኛውን ወለል ለካ። አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። አልሲድ መረቡን በመርፌ እየወጋ ይህን ሁሉ በጥርጣሬ አየ፤ መርማሪው መሣሪያ ይዞ መጥቶ አያውቅም።

"አሥር ጫማ ከአራት ኢንች" አለ ድዌይን ለኦዲል፣ ድምፁን ቀንሶ። "አሪፍ ቁጥር ነው። አሁን ታችኛውን አይቼ፣ ፎቶ አንስቼ ልጨርስ።"

የታችኛው ክፍል ውስጥ አድናቂ ቢገኝ የሚያጨበጭብለት ሥራ ተሠርቷል። ፍራሹ በሸርጣን ወጥመድ ተሸፍኗል፣ ጠረጴዛው ላይ ተንሳፋፊ ኳሶች ተከምረዋል፣ የመታጠቢያው መጋረጃ ወርዶ አሮጌ የጀልባ ሞተር ታቅፏል። የግድግዳው ማራገቢያ ብቻ ተረስቶ ይዞራል። ድዌይን አየውና አለፈው። ካሜራውን ከቦርሳው ሲያወጣ ግን አፍንጫውን አነሳ።

"ምን ይሸታል?"

"ዕቃ ነው" አለ አልሲድ ከበሩ ላይ። "አሮጌ ዕቃ ይሸታል።"

"የሚቃጠል ነው የሚሸተው።"

ምድጃው በትንሽ እሳት ላይ ቀርቶ አልጠፋም ነበር። ከመረቡ ሥር የእንቁላሉ መጥበሻ እየጨሰ ነው፤ የናይለኑ መረብ ጫፍ ቀልጦ መጥበሻው ላይ ይንጠባጠባል። ኡላሊ ጮኸች፣ ጫማዋን አውልቃ መረቡን ትደበድበው ጀመር፤ አልሲድ "ውሃ! ውሃ!" አለ፤ ኦዲል ማጥፊያውን አዞረችው። ድዌይን መረቡን በእንጨት አንስቶ ወደ ውጭ ወረወረውና ተመልሶ እየሳለ ቆመ። ጥቁር ጭስ በጣሪያው ሥር ተንሳፈፈ። ጭሱን ከላይኛው ቤት የሚለየው የወለሉ ሳንቃ ብቻ ነው።

"ሚስተር አልሲድ" አለ ድዌይን፣ "ቤትዎን አያቃጥሉ። እኔ የወረዳው ሰው አይደለሁም። ቀያሽ ነኝ። ሚስ ኦዲል ናት የጠራችኝ። አልነገረቻችሁም እንዴ?"

አባቷም ኡላሊም ወደ ኦዲል ዞሩ።

"ልነግርህ ነበር አባዬ" አለች።

"መቼ? አልጋዬ ላይ ሸርጣን ከተራባ በኋላ?"

"ስድስት ወጥመድ ተሸክሜያለሁ!" አለች ኡላሊ። "በዚህ ወገቤ! አንቺ ልጅ፣ በገዛ እጅሽ መለኪያ የያዘ ሰው ወደ ባዩ ማርሶ ታመጫለሽ? ነገ እኔ ቤት ቢመጣስ?"

"እኔ የምለካው አንድ ቤት ነው፣ ሚስ ኡላሊ" አለ ድዌይን። "የከፈለኝን ቤት።"

ኦዲል አባቷን አስቀምጣ ነገረችው። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባውን፣ አሥራ ስድስት መቶውን፣ ዓርብን፣ እህቷን። ስታስረዳ እንደ ራሞና ለመሆን ሞከረች፤ ስለ እህቷ ቤት ስትደርስ ግን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመረች። አልሲድ እስከ መጨረሻው ሰማት። ጀልባውን በሸጠ ጊዜ እንኳ ገዢውን እንዲህ ሳያቋርጥ አልሰማም ነበር።

"ይሄ ሰውዬ ዕቃ ቤት ነው ብሎ ቢጽፍ ስንት ይሆናል?"

"አሥራ አምስት መቶ ገደማ።"

"መኝታ ቤት ነው ቢልስ?"

"ወረቀቱ ከንቱ ነው። ያው የደብዳቤው ዋጋ።"

"ታዲያ ምን ያነጋግራል?" አልሲድ ወደ ድዌይን ዞረ። "ዕቃ ቤት በል፣ ልጄ። በሰማንያ አንድ ዓመቴ ከዕቃ በቀር ምን ነኝ? እዛ ጥግ ላይ፣ ከሞተሩ አጠገብ አቁሙኝና አንሳኝ።"

ኡላሊ ከት ብላ ሳቀች። ድዌይንም ፈገግ አለ። ኦዲል አልሳቀችም፤ አባቷ ይህን ሲል ዓይኑ ሸርጣን ወጥመዱ የተከመረበት ፍራሽ ላይ እንደነበር አይታለች።

"እኔ የማየውን እጽፋለሁ" አለ ድዌይን። "ዛሬ የማየው ወጥመድና ሞተር ነው። ግን ልምከራችሁ። ውሃ መጥቶ ሄዶ፣ የመድኑ ጉዳት ገማች ይመጣል። እሱ ደውሎ አይመጣም፣ ከድልድዩም የሚያየው የለም። አልጋ ያገኘ እንደሆነ ዋሽታችሁናል ይላል። ያኔ የታችኛውን ብቻ አይደለም፣ የላዩንም ላለመክፈል ሰበብ ያገኛል። ዕቃ ቤት ከተባለ ዕቃ ቤት መሆን አለበት። ግድግዳውም ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ሰባት ቀዳዳ፣ ከወለሉ ከአንድ ጫማ ያልራቀ።"

"ምን ያስፈልገዋል?"

"ጎርፉ ገብቶ የሚወጣበት።"

"እንዲገባ?" አልሲድ ጥርሱ ሊወድቅ ደረሰ። "ስድሳ ዓመት ጀልባ ላይ የኖርኩት ውሃ እንዳይገባ ስከላከል ነው። አሁን ግድግዳዬን በስቼ ግባ ልበለው? ወንበርም ላቅርብለት?"

"ካልገባ ግድግዳውን ይገፋዋል፣ ሚስተር አልሲድ። ግድግዳው ምሰሶውን ይዞ ይሄዳል። ምሰሶው ሲሄድ ላይኛው ቤት አብሮ ይወርዳል።"

"ጀልባም እኮ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አላት፣ አንተ ሽማግሌ" አለች ኡላሊ።

"የሚወጣበት! እሱ የሚለው የሚገባበት ነው። አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ጀልባ አዋቂ የሆንሽው? በሕይወትሽ ከወደቡ አልፈሽ ታውቂያለሽ?"

"አልፌማ ባውቅ አንተን መች አገኝህ ነበር።"

አልሲድ ከዘራውን ይዞ ተነሳ። "ቀዳዳውን ብሱት" አለ። "የምትሉትን ሁሉ አድርጉ። እኔ ከዛሬ ጀምሬ ላይ እተኛለሁ። በቃ። ዕቃ ቤቱም የእውነት ዕቃ ቤት ይሁን።"

"አባዬ፣ ጉልበትህ..."

"ጉልበቴን ተዪው። ጉልበቴ ስለ መድን ምን ያውቃል?"

ደረጃው አሥራ ስድስት ነው። አልሲድ ላይ የወጣው የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና በዓል ነው፤ ያኔ ሁለት የወንድሙ ልጆች ከነወንበሩ ተሸክመውት ነበር፣ ጋምቦ የሚባለውን የበዓል ወጥ በልቶ ሲያበቃም ከነወንበሩ አወረዱት። አሁን የደረጃውን መደገፊያ ይዞ፣ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ፣ ግራውን አጠገቡ እያመጣ ጀመረ። ኦዲል ከኋላው ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ተከተለችው። ቢወድቅ እንደማትይዘው ታውቃለች፤ ቢሆንም እጆቿን ዘርግታለች። ድዌይን ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከታች ቆሞ አየ።

አራተኛው ላይ አረፍ አለ። ስድስተኛው ላይ "ቀላል ነው" አለ። ሰባተኛውና ስምንተኛው መካከል ረዥም ጊዜ ቆየ፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ደርሶ ዞረና ተቀመጠ። ያቀደው መቀመጥ አይመስልም ነበር፤ ጉልበቱ ነው የወሰነለት።

"እዚህ ደህና ነው" አለ ትንፋሽ እያጠረው። "አልጋዬን እዚህ አንጥፉልኝ።"

"ዘጠነኛ ላይ ተጣበቀ!" አለች ኡላሊ ከታች። "እንግዲህ ወይ አይወርድ ወይ አይወጣ። ምሳህን በገመድ እንልክልሃለን!"

ኦዲል አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ላይ ውሃው ይታያል፣ መንገዱና አውቶቡሷ፣ ማዶ ያሉት ምሰሶ ላይ የቆሙ ቤቶች። ሁሉም ደረጃ ባዶ ነው። ከየቤቱ ሥር ግን፣ ከዕቃ ቤት ተብዬዎቹ ውስጥ፣ ሬዲዮና የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ነጩ ፒክአፕ እነሱ ጋ እንዳልመጣ ስላወቁ አልጋቸውን መልሰው እየዘረጉ ነው።

"ያን የመጀመሪያውን ዓመት ታስታውሺዋለሽ?" አለ አልሲድ፣ ኡላሊ እንዳትሰማው ቀስ ብሎ። "ቤቱን ሲሰቅሉት። ላይ የነበርንበትን።"

"አስታውሳለሁ።"

"ማን መጣ?"

ኦዲል አሰበች። ያኔ ሁሉም የራሱን ቤት ይጠግን ስለነበር ጊዜ አጥቶ ነው ብላ ነበር።

"ማንም አልመጣም" አለ አባቷ። "ስድሳ ዓመት በየጠዋቱ በሬ ላይ ቆመው እንዴት አደርክ ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች፣ አንድ ክረምት ሙሉ ከመንገድ ላይ እጃቸውን እያወዛወዙ አለፉ። በእነሱም አልፈርድም። እንዴት አደርክ ለማለት አሥራ ስድስት ደረጃ የሚወጣ ማን ነው? እኔም አልወጣሁላቸውም። ግድግዳውን ሳቆም ለጉልበቴ ነው ያልኩሽ ሰው እንዳይስቅብኝ ነው።" አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ግድ የለም። እለምደዋለሁ። እዛም ላይ ሬዲዮ አለ።"

ኦዲል እጁን ያዘች። አዘነችለት፤ ከዚያም በላይ አፈረች፤ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እዚያ ክፍል እየበላች ይህን አንድ ጊዜ አልጠየቀችውም።

"ሚስ ኦዲል" አለ ድዌይን ከታች፣ ሰዓቱን አይቶ፣ "ፀሐዩ ሳይዞርብኝ ፎቶውን ላንሳ? ሌላ ሥራ አለኝ።"

"አታንሳ" አለች።

"አላንሳ?"

"ቁጥሩን ጽፈህ ስጠኝ፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሒሳብህን እከፍልሃለሁ። ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚሆኑ ግን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግልኝ፤ እሱ የኛን ቤት ነው የሚያድነው።"

"አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?" አለ አልሲድ። "የአሥራ አምስት መቶው ዋጋ ይቅር ነው የምትዪው?"

"ዝም በል አባዬ።"

"የጎደለውን ከጡረታዬ አምጥቼ እሰጥሻለሁ እንግዲህ። ኪራይ በዪው።"

"ሰባት ቀዳዳ ላለበት ቤት?"

"ርካሽ አድርጊልኛ።"

ስልኳን አውጥታ ራሞና ጋ ደወለች። ራሞና በሁለተኛው ጥሪ አነሳች፤ የቁልፍ ሰሌዳዋ ቋ ቋ ሲል ይሰማል።

"ወረቀቱን አገኘሽው?"

"አገኘሁት፣ አላቀርበውም። ሌላውን እንሥራ። ከኪሴ የምሸፍነውን አሥር ሺህ አድርጊው።"

"ኦዲል፣ አሥር ሺህ እኮ የለሽም።"

"ውሃውም ገና አልመጣም። ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን በዚህ ወር ላይ አወጣለሁ። ቀዳዳውን እስከ መጪው ሳምንት አስበሳለሁ። ስንት ይሆናል?"

ራሞና አሰላች። "ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ። ባለሽ ላይ ስድስት መቶ ሠላሳ ይጎድልሻል።"

ኦዲል አባቷን አየችው፤ ለዓርቡ ከጡረታው ትበደራለች። ለመመለሻው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካምፕ የሚሄዱ ልጆችን የሚያመላልስ የአውቶቡስ ሥራ አለ፤ ሙቀቱን ፈርታ ሦስት ዓመት እንቢ ስትል የኖረችው ነው። "ዓርብ ይገባል" አለች።

"እሺ። ወረቀቱን ካላቀረብሽ ኩባንያው ያው በግምቱ ይቀጥላል፣ ዋጋው አይለወጥም። አሁን ስለ ታችኛው ክፍል የምሞላው ቦታ አለ። ባዶ ልተወው? ባዶ ብተወው ማንም አይጠይቅሽም።"

"ዕቃ ቤት በያት" አለ አልሲድ በሹክሹክታ፣ እጇን እየጎተተ።

"ስትጽፊው ማን ያነበዋል?" አለች ኦዲል ለራሞና።

"የወረዳው ሰው ሊያነበው፣ አፍርሺው ሊልሽም ይችላል።"

"ያንብበው። አባቴ ይኖርበታል ብለሽ ሙዪ።"